ቤቱ ሞልቶ የከሰርኩበት ቅዳሜ

«ሐዋሳ ላይ 60 ሰው የሚይዝ የላይቭ ሙዚቃ ቤት ልከፍት ነው፤ ባንድ አለኝ፤ ያዋጣል ወይ? ቦታውስ ሐይቁ ዳር ይሻላል ወይስ ፒያሳ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን። ሰዉ ሁሉ «በርታ» እያለህ ነው። እኔ ከ2010 እስከ 2015 እዚሁ ሐዋሳ እንደዚያ ያለ ቤት ስለነበረኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አንድ ቅዳሜ ልንገርህ፤ 2011 ላይ ነው። 60ው ወንበር ሞልቶ ሌላ 10 ሰው ካውንተር ተደግፎ ቆሟል። ሳክስፎኑ ሲገባ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጥግ ቆሜ «በቃ ተሳካልኝ» እላለሁ። ሌሊት ሒሳብ ስንዘጋ እንዲህ ሆነ፦ ቢራ በ17 ብር ገብቶ በ35 ይሸጥ ነበር፤ አንዱ 18 ብር ያተርፋል። 70 ሰው በአማካይ ሦስት ሦስት ጠጥቷል፤ 210 ጠርሙስ፣ 3,780 ብር። ለአምስት ሙዚቀኛ 600፣ 600፣ ለድምፃዊቷ 1,000፣ በድምሩ 4,000 ብር ወጣ። ኪራይ፣ መብራት፣ አስተናጋጅና ግብር ሳይነሳ 220 ብር ጎደለኝ። ያውም ሞልቶ!

ያን ሌሊት ነው የገባኝ፤ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው አይጠጣም። ቢራውን ይዞ ዓይኑን መድረኩ ላይ ተክሎ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ አስተናጋጅ «ምን ልጨምር?» ሲለው ይቆጣል። የሚጠጣው ዲጄ ቤት ነው ያለው፤ እዚያ ማውራትም ማዳመጥም ስለማይቻል መጠጣት ብቻ ይቀራል። «ባንዱን በመጠጡ እሸፍነዋለሁ» ብለህ ከሆነ የተነሳኸው፣ እንደገና አስላ።

ስለዚህ መግቢያ አስከፍል። እኔ ዘግይቼ 50 ብር ስል ሰው ከበር ተመለሰ፤ «ሙዚቃ ለመስማት ደግሞ ይከፈላል?» አለ። አልፈርድበትም፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ባንድ እያስጫወቱ መግቢያ አይጠይቁም። የእነሱ ባንድ የሚከፈለው ከአልጋና ከስብሰባ አዳራሽ ገቢ ነው፤ አንተ አልጋ የለህም። በኋላ መግቢያውን 70 አድርገን አንድ ቢራ ስንጨምርበት ቅሬታው በረደ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አስለምድ፤ በነፃ የለመደን ሰው ማስከፈል ከባድ ነው። (በነገራችን ላይ ሽልማቱን ከገቢ አትቁጠረው። ድምፃዊቷ ግንባር ላይ 1,000 ብር የለጠፈ ሰውዬ ሲወጣ «ይቺ ቢራ የእኔ አይደለችም» ብሎ ከአስተናጋጁ ጋር ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ።)

ሌላው የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ነቢያት አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ኪራይ ግን አይጾምም። በዚያ ላይ የከተማችን ሰው ብዙው ፕሮቴስታንት ነው፤ ከጓደኞቼ ግማሹ ጾም ኖረም አልኖረም መጠጥ ቤት አይረግጥም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ የሰራልህ ሒሳብ ካለ እዚህ ላይ ነው የሚበላሽብህ። ለገብርኤል ከተማው ይሞላል ብለህ ደግሞ ቢራ አታከማች። ታኅሣሥ 19 በጾም ውስጥ ነው፤ እንግዳው የመጣው ለንግሥ እንጂ ላንተ አይደለም። የሐምሌው ይሻላል።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር ነበር። በጾም ባንዱ ሥራ ፈት ነው፤ ሁሌም በሰዓቱ ይገኛል፤ ደንበኛ ግን የለም። ጾም ተፈትቶ ሰው ሲመጣ ሠርግ ይጀምራል፤ ኪቦርዲስቱ እኔ ዘንድ በሳምንት የሚያገኘውን በአንድ ሠርግ ያገኛል። ጥርና ሚያዝያ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ዝግ ነው። ልትቀየመው አትችልም፤ ልጆች አሉት። እኔ በመጨረሻ ለቤቱ ቋሚ ያደረግኩት ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሐሙስና ዓርብ ክራርና ማሲንቆ፣ ሙሉ ባንድ በወር ሁለት ቅዳሜ። ኪሳራው የቀነሰው ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ከባንዱም በላይ ያቆየን ወጥ ቤቱ ነው። የዓሣ ጥብስ ከቢራ የተሻለ ያተርፋል፤ ቀን ላይም ይሸጣል።

ስለ ቢራ ፋብሪካዎች ድጋፍም ልንገርህ። ድሮ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ፍሪጅና ወንበር ይሰጡ ነበር፤ የሙዚቃ ምሽትም ይደግፉ ነበር። የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ያወጣው አዋጅ 1112/2011 ከመጣ በኋላ እኔ ጋ ያ እጅ አጠረ። አሁን አከፋፋይ ብር ላበድርህ ቢልህ ውሉን በደንብ አንብብ። እኔ «የእኛን ቢራ ብቻ ትሸጣለህ» የሚል ፈርሜ ምርቱ ከገበያ ሲጠፋ ሁለት ሳምንት ለስላሳ ሸጫለሁ።

ሳውንድ ሲስተም አትግዛ፣ ተከራይ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በአጭር ጊዜ መቶን ዘለለ፤ ሚክሰርና ስፒከር ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጄኔሬተር ግን የራስህ ይሁን፤ መብራት ዘፈን መሀል ሲጠፋ ሰው ሒሳብ ሳይከፍል ነው የሚወጣው። የሰው ዘፈን የምታስጫውት ከሆነ የቅጅ መብት አዋጁ (410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው) ለባለመብቶቹ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ወጪ ላይ አንድ መስመር ያዝለት።

ኮሮናውን አላወራም፤ በ2012 ስንቱ እንደዘጋ ታውቃለህ። ለእኔ የመጨረሻው ኪራዩ ነበር፤ በ18,000 የገባሁበት ቤት 45,000 ተባልኩ። አከራዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሚገባውን ሰው ይቆጥር ነበር። የተሸጠውን ጠርሙስ ቢቆጥር ኖሮ ይራራልኝ ነበር።

ቦታውን በተመለከተ፦ ሐይቁ ዳር የአዲስ አበባ እንግዳ ይገኛል፤ ከዓርብ እስከ እሁድ ብቻ ነው፣ ኪራዩ ግን የሰባት ቀን ነው። ፒያሳ ጀርባ ብትይዝ የሠራተኛ ደንበኛ ታገኛለህ፤ ሌሊት ባጃጅም አይቸግረውም። ከመፈረምህ በፊት ግን አከራይህ የት እንደሚተኛ ጠይቅ። የእኔው የድራሙ ግድግዳ ጀርባ ነበር አልጋው፤ ይህን ያወቅኩት ከከፈትኩ በሦስተኛው ሌሊት ነው።