«ጋሼ፣ ትልቁን ስጡኝ» ለምትሉኝ ልጆች

ቨርጂኒያ ውስጥ የአደን ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ፣ ከጠመንጃው ባንኮኒ ጀርባ 22 ዓመት ቆሜአለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስልኬ ግን ጡረታ አልወጣም። ጥቅምት ሲጋመስ ይጀምረዋል፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዳንዴም ከዴንቨርና ከኮሎምበስ የእኛ ልጆች ይደውላሉ። አጋዘን ማደን አምሯቸዋል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን ካሊበር ልግዛ?» ካሊበር ያው የጥይቱ ውፍረት መጠን ነው። መልሱንም ይዘውት ነው የሚመጡት። ትልቁን!

አልፈርድባችሁም። ያደግነው ግዳይ የጣለ በሚፎክርበት አገር ነው። አባቴ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ምንሽር ያኔ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ጠመንጃ ሲባል ከባድ ነገር፣ ጩኸቱ ከተራራ ተራራ የሚያስተጋባ ነገር ነው ትዝ የሚለኝ። እናም እዚህ አገር የመጀመሪያዬን ስገዛ .300 ዊንቸስተር ማግነም ገዛሁ፤ ማግነም ባሩዱ የበዛ፣ ጉልበተኛ ጥይት ነው። ሻጩ «ለአጋዘን ይበዛል» አለኝ። የናቀኝ መሰለኝ።

ኢላማ ቦታ ሄጄ አምስት ጥይት ተኮስኩ። በአምስተኛው ትከሻዬ በለዘ። ጥይቱም ውድ ነው፤ «ይበቃል፣ ገብቶኛል» ብዬ ወደ ቤቴ። ያው ጉራ ነው። ኅዳር ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ 60 ያርድ ያህል ርቀት ላይ አንድ አጋዘን ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። በዚያ ርቀት ሕፃን ልጅም አይስትም። ቃታውን ስስብ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። አጋዘኑ ጀርባውን ቆልምሞ ወደ ጫካው ገባ። ባትሪ አብርቼ ወዲያው ተከተልኩት፤ ይሄ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። ቅጠሉ ላይ ያገኘሁት ደም ቀይ አይደለም። ጠቆር ያለ፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት፣ የሚሸት። ሆዱን ነው የመታሁት። ሆዱ የተመታ አጋዘን ካልተከተሉት ቅርብ ቦታ ይተኛል፤ ብዙ ሰዓት ጠብቀው ቢሄዱ ያገኙታል። እኔ ግን አባረርኩት። እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግሁ፣ በነጋታውም ፈለግሁ። አላገኘሁትም።

ካሊበሩ አላነሰም። ያንን እንስሳ ሦስት ጊዜ የሚገድል ጉልበት ነበረው። ችግሩ ሰውነቴ ጠመንጃውን መፍራቱ ነው።

ይህንን ለማንም በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ ስለዚህ አሳየው ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ማግነም የገዛ ጎረምሳ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ልጅ፣ «ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) ተበላሽቷል፣ ኢላማ አይመታም» ብሎ ተናዶ መጣ። አብረን ኢላማ ቦታ ሄድን። «ጥይቱን እኔ ላጉርስልህ» አልኩትና ሳያይ ከእውነተኞቹ መሃል አንድ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ቀላቀልኩ። አንደኛው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ቀጭ አለ፤ ብቻ አፈሙዙ በአንድ ጊዜ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ተደፋ። ምንም ሳይተኩስ! ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ስኮፑ ደህና ነበር። ትከሻው ምቱ ሳይመጣ ነው የሚሸሸው። ይህ ፈሪነት አይደለም፤ ጀግናም ቢሆን ዓይኑ ላይ ጣት ሲመጣበት ይጨፍናል።

እና የካሊበሩን ቁጥር እንተወውና ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈውን ምት እናውራ። ተመሳሳይ ክብደት ባላቸው ጠመንጃዎች፣ የ.300 ማግነም ምት ከትንሹ .243 ጋር ሲተያይ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ አንዳንዴም ወደ ሦስት እጥፍ ነው። .308 መሃል ላይ ነው። .30-06 ከእሱ ትንሽ ከፍ ይላል።

ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። .30-30፣ .308፣ .30-06 እና .300 ማግነም የሚያስወነጭፉት አረር ውፍረቱ አንድ ነው፤ 0.308 ኢንች። ልዩነቱ ቀለሃው ውስጥ የሚገባው ባሩድ ነው። ክላሽም «7.62» ይባላል፣ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የነበረው ኤም 14ም «7.62» ይባላል፤ የአንዱ ጥይት ግን የሌላው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «የእኔ ሰላሳ ካሊበር ነው» ብላችሁ ስትደውሉልኝ ምንም አልነገራችሁኝም። አባቶቻችን ኮሪያ የዘመቱበት ኤም ዋን ጋራንድ የሚተኩሰው ይሄንኑ .30-06 ነው። በ1906 የወጣ ጥይት ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ይጥላል። አዲስ ነገር ካልገዛሁ ለሚል ሰው ይህንን እነግረዋለሁ።

ምን ልግዛ ነው ያላችሁት? እሺ። የ.308 ቀለሃ በ1952 ወጣ። አንገቱን አጥብበው በ1955 .243ን ሠሩ፣ በ1980 ደግሞ 7ሚሜ-08ን። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰውነታችሁ ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ባለቤታችሁም መተኮስ ከፈለገች፣ .243 በ100 ግሬን አረር ውሰዱ (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው)። ትንሽ ነው የሚላችሁን አትስሙት፤ በቦታው ከገባ አጋዘኑ ሩቅ አይሄድም። ለብዙዎቻችሁ የምመርጠው ግን 7ሚሜ-08 ነው። ትከሻ አይጎዳም፣ ጉልበት አያንሰውም። ጥይቱ በየሱቁ አለመገኘቱ ካስቸገራችሁ .308 ግዙ፤ እሱ የትም አይጠፋም። 6.5 ክሪድሞርም ያው ሰፈር ነው፤ ልጆቹ እንደ ታቦት ያከብሩታል፣ እኔ ግን ከ7ሚሜ-08 የሚበልጥበትን በአጋዘን ርቀት ላይ አላየሁም። .270 በ1925 የወጣ የድሮ ሰው ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ማግነሙን የሩቅ ምዕራቡን ኤልክ፣ ያንን ግዙፍ አጋዘን፣ ልታድኑ ስትነሱ እናወራበታለን። የቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ እኔ ከ100 ያርድ በላይ የተኮስኩበትን ጊዜ በጣቴ እቆጥረዋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የምታድኑበትን ስቴት ሕግ አንብቡ። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 በታች አይፈቀድም፤ ስለዚህ ያ ሁላችሁም የምትወዱት .223 አይሆንም። አንዳንድ ካውንቲ ጭራሽ ራይፍል፣ ማለትም እስካሁን ያወራንለትን ዓይነት ጠመንጃ፣ ይከለክላል። ኮሎራዶ ዝቅተኛው .24 ነው፣ .243 ለጥቂት ያልፋል። ኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ እርሱት፤ እዚያ የሚፈቀደው ቀለሃው ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው ጥይት ነው፤ .350 ሌጀንድ ዓይነቱን እዩ። የወረቀት ነገርም አለ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያላችሁ ግን ጠበቃ ሳታማክሩ የጓደኛችሁንም ጠመንጃ አትንኩ። ሱቁ ውስጥ የምትሞሉት ቅጽ ስለ ዕፅም ይጠይቃል፤ ጫት ደግሞ እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው። የቀረውን ለራሳችሁ።

አረሩን እንደ ካሊበሩ የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔ ግን እሱ ይበልጣል እላለሁ። የወታደር ጥይት አትግዙ። እሱ እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሮጣል። ሲመታ የሚከፈት የአደን አረር ነው የሚፈለገው። ከተቻለም የመዳብ። እርሳሱ አጥንት ሲነካ ይበታተናል፤ ፍርፋሪው በዓይን አይታይም፣ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይገባል። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በዚሁ ምክንያት እንዲጣል ተደርጓል። ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ይሄን አስቡበት። የአጋዘን ክትፎ የምትሉትንም ነገር ተዉት። አብስሉት። ጥብስ ይሆናል፣ ቃሪያና ሮዝመሪ ብቻ በዛ አድርጉበት።

«በስመ አብ ሳይባል የታደነ ይበላል ወይ?» የሚለውን እኔ አልመልስም፤ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ሙስሊም ጓደኛዬ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ቢስሚላህ ይላል፣ ልቡ ያርፋል። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። የጠመንጃው ወቅት በተከፈተ በሳምንት ገደማ፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል፣ እኔ ሽሮዬን እበላለሁ።

የተረፋችሁን ገንዘብ ጥይት ግዙበት። ካርቶን ሁለት ካርቶን ሳይሆን፣ ከሐምሌ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዳችሁ የምትተኩሱት። ተቀምጣችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ፤ ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ጆሯችሁን ሸፍኑ። ቀኝ እጅ የሆነ ተኳሽ ወደ አፈሙዙ የሚቀርበው ግራ ጆሮው ነው፤ ስትደውሉልኝ ስልኩን ሁሌ በቀኝ የምይዘው ለዚህ ነው።

ያ .300 ማግነም እስካሁን አለ። ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ለመሸጥ አስቤ ነበር፤ ግን የሚፈልጉት እናንተው ናችሁ፣ ለማን ልሽጠው? ከሱ ጋር የገዛሁት ባለ 20 የጥይት ካርቶንም አለ። ውስጡ 14 ቀርቷል። አምስቱ ኢላማ ቦታ፣ አንዱ እዚያ አጋዘን ላይ።