ባቡሩ ሲቆም መብራቱ ለምን ይጠፋል?

ጎጃም ውስጥ የባቡር ሐዲድ የለም። ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ባቡር የሚሠራ ሰው ግን አልጠፋም። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ መብራት ናቸው።

ከባሕር ዳር፦ «የጣቢያውን መብራቶች ከሐዲዱ ጋር አያይዣቸዋለሁ። ባቡሩ ሲቆም ይጠፋሉ፤ ሲፈጥን ቦግ ይላሉ። ወደ ኋላ ስነዳው ደግሞ ኤልኢዲዎቹ ጭራሽ ድርግም። ምን ተበላሽቶ ነው?»

ምንም አልተበላሸም። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሥራው ይኸው ነው፤ ለሐዲዱ ከ0 እስከ 12 ቮልት ገደማ እየመጠነ ይሰጣል። ባቡሩ ሲቆም ሐዲዱ ላይ ኮረንቲ የለም፤ አምፖሉ ከየት ያምጣ? ወደ ኋላ ሲነዱት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኤልኢዲ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

ለባቡሩ የራሱ፣ ለመብራቱም የራሱ የኮረንቲ ምንጭ ይኑረው። የአሮጌ ሪሲቨር ወይም የዋይፋይ አዳፕተር ከቤት አይጠፋም። ጀርባውን ያንብቡ፤ መውጫው 12 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኮረንቲ) ከሆነ ይበቃዎታል። አንዳንድ መቆጣጠሪያ ለመብራት የሚሆን ትርፍ መውጫ አለው። ብዙ ጊዜ 16 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚገለባበጥ ኮረንቲ) ስለሆነ ኤልኢዲ እንዳለ እንዳይሰኩበት።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ባለ 1 አምፔር አዳፕተር ስንት አምፖል ይችላል?»

ይቺን በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኳት። 20 ትንንሽ አምፖሎች በአንዱ አዳፕተር ላይ ደረደርኩ። እናቴ ከጓዳ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» ስትል አዳፕተሩን ነካሁት፤ እጅ አያስይዝም። የአንዱ ካርቶን ቤት ጣሪያም ከውስጥ ቡናማ ሆኗል። እያንዳንዱ አምፖል 60 ሚሊአምፔር ይወስድ ነበር፤ 20ው 1.2 አምፔር መሆኑ ነው። አሁን ከ800 ሚሊአምፔር አላልፍም። እንዲህ ያለ አምፖል ከሆነ 13 ይችልዎታል። ኤልኢዲ በ10 ሚሊአምፔር ካበሩ ግን 80 ድረስ ይሄዳል። እኔ አምፖሉን ትቼዋለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ጋሼ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ነጭ ኤልኢዲ 12 ቮልት ላይ ስሰካው ብልጭ ብሎ ሞተ።»

ሬዚስተር፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገታውን ትንሽ ዕቃ፣ ረስተህ ነው። ነጭ ኤልኢዲ የሚፈልገው 3 ቮልት ገደማ ነው። ቀሪውን 9 ቮልት ሬዚስተሩ ይሸከማል። 9ን ለ0.01 አምፔር ስታካፍለው 900 ኦም ይመጣል፤ የ1,000 ኦሙን ግዛ። ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ናቸው፤ አራተኛው ብዙ ጊዜ ወርቃማ ነው። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ አንድ አንድ አድርግለት። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው።

ከቢቸና፦ «አዳፕተር ከምገዛ 220ውን በቀጥታ ከጠረጴዛው በታች ብዘረጋውስ?»

በፍጹም! አዳፕተሩ ሶኬቱ ላይ ይቅር፤ ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው 12 ቮልቱ ብቻ ነው።

ከሞጣ፦ «መጨረሻ ላይ ያሉት ቤቶች ደብዛዛ ናቸው።»

ሽቦዎ ቀጥኗል። ወፈር ያለ ጥንድ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ይዘርጉና ለየቤቱ ከዚያ ይቀጥሉ። መገጣጠሚያውን በካውያ ይበይዱት፤ ናስትሮ ብቻውን ይላቀቃል።

ከዳንግላ፦ «መብራት ሲሄድ በሞተር ሳይክል ባትሪ ባበራውስ?»

12 ቮልት ከሆነ ይሠራል። ግን ሁለቱ ሽቦ ቢነካካ አዳፕተር ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ባትሪ ግን ሽቦው እስኪቀልጥ ይሰጣል። ከፖዘቲቩ አጠገብ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ቻርጅ ሲያደርጉትም ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገው።