ባለሦስት ጎማ ሞተርሳይክል፦ ስፖርቱ ወይስ ቱሪንጉ? ጠይቁኝ

ጥያቄው ስለተጠራቀመ ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ካን-አም ስፓይደር ስለሆነ ምሳሌዬም ባብዛኛው እሱ ነው። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ኤፍ3 የስፖርቱ ወገን ነው፣ አርቲ ደግሞ የቱሪንጉ፣ ማለትም የረጅም ጉዞው።

ስፖርቱ ኢንጂኑ ይበልጣል አይደል?

አይበልጥም። ድሮ ትንሽ ልዩነት ነበር። ኢንጂናቸው 998 ሲሲ በነበረ ጊዜ ስፖርቱ አርኤስ 106 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ አርቲ ደግሞ 100፤ አርቲው ጭነት ይዞ ከታች እንዲስብ ተብሎ ነው እንደዚያ የተስተካከለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞዴል አርቲ 1330 ሲሲ ባለሦስት ሲሊንደር ሮታክስ ኢንጂን ገባለት፣ በዓመቱ ኤፍ3 ያንኑ ይዞ ወጣ። ሁለቱም 115 የፈረስ ጉልበት። ኤፍ3 ቶሎ የሚፈተለከው ቀለል ስለሚል ነው። የአሁኑ አርቲ ነዳጅና ዘይት ሳይጨመርበት ብቻውን 464 ኪሎ ይመዝናል፣ ሰውና ሻንጣ ሲጨመር አስቡት።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

አቀማመጥ፣ ንፋስና ዕቃ። ሰው ፎቶ አይቶ ይመርጣል፣ ሁለት ሰዓት ከነዳ በኋላ ወገቡ እውነቱን ይነግረዋል።

ኤፍ3 ላይ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ 67 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። እግርህ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ የእግር መርገጫውን እንደ ቁመትህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማስተካከል ትችላለህ፣ ይሄ በጣም የምወድለት ነገር ነው። ችግሩ እግርህ ወደ ፊት ስለተዘረጋ ጉድጓድ ስትመታ ከመቀመጫው ብድግ ልትል አትችልም። ምቱን በሙሉ የሚቀበለው አከርካሪህ ነው። ንፋሱም ደረትህ ላይ ነው። ለአጭር መንገድ ደስ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን አንገት ይጨርሳል።

አርቲ ላይ ቀጥ ብለህ ነው የምትቀመጠው፣ እግርህም ሰፊ መርገጫ ላይ ያርፋል። የፊት መስታወቱ ቁልፍ ስትጫን ከፍና ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ መስታወቱን እስከ ላይ ሰቅላችሁ በመስታወቱ ውስጥ አሻግራችሁ አትንዱ። ዓይናችሁ ከጠርዙ ትንሽ በላይ ይሁን። ዝናብና ማታ ሲሆን ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል።

ዕቃ ከሆነ ክርክር የለም። ሊሚትድ የሚባለው አዲሱ የአርቲ ሞዴል ሁሉም ሳጥኖቹ ሲደመሩ 177 ሊትር ይይዛል። ተራው ኤፍ3 ከፊት አፍንጫው ስር ካለችው ሳጥን ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም።

ባለሁለት እግር ለብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ እለምደዋለሁ?

ትለምደዋለህ፣ ግን የመጀመሪያ ቀን ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልግ። ስፓይደር አይጋደምም። ጠመዝማዛ ላይ ወደ ውጭ ይገፋሃል እንጂ አብሮህ አያጋድልም፣ ስለዚህ ሰውነትህን አንተው ወደ ውስጥ ታስገባለህ፣ በውጭ በኩል ባለው እግርህ ደግሞ ትደግፋለህ። እጄታውን አንቀህ ከያዝክ እየተንገዋለልክ ነው የምትሄደው። ላላ አድርገው።

ሌላው ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬን የለውም። በቀኝ እግርህ የምትረግጣት አንዷ ፔዳል ሦስቱንም ጎማ ትይዛለች። በድንጋጤ ጊዜ ጣቶችህ ወደተለመደው ቦታ ይዘረጋሉ፣ እዚያ ምንም የለም! ይሄን ነው ባዶ ቦታ ላይ ደጋግመህ መለማመድ ያለብህ። ማርሹ በግራ እጅ ነው፤ በአውራ ጣት ትጨምራለህ፣ በሌባ ጣት ትቀንሳለህ። መቀነሱን ብትረሳ ፍጥነቱ ሲወርድ ራሱ ይቀንስልሃል፣ መጨመሩ ግን የአንተ ሥራ ነው። የኋላ ማርሽም አለው።

ይገለበጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አብዶ የነዳው ማንኛውም ነገር ይገለበጣል። ስፓይደር ላይ ግን ፍጥነትህ ለጠመዝማዛው ሲበዛ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን ይይዛል። ስፖርት አነዳድ የሚወዱ ሰዎች በዚህ ይበሳጫሉ፣ እኔ ግን አልፈርድበትም። ቱሪንጉ ላይ ደግሞ ከላይ ያለውን ሳጥን በከባድ ዕቃ አትሙሉት። ከባዱ ከታችና ከፊት ይሁን።

ሁለት ጎማ ከኋላ ያላቸው፣ እንደ ሃርሊ ትራይ ግላይድ ያሉት፣ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፍሬን ይዘህ ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል። ስፓይደር እዚያ ጎማ አለው፣ እነሱ ግን የላቸውም። ከጠመዝማዛው በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት ቀንሶ ጨርሶ መግባት ነው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበቴንም ያመኛል፤ ባለቤቴም ከኋላ ትቀመጣለች። የትኛውን ልግዛ?

አርቲ ይሻልዎታል። መቀመጫው ከኤፍ3 ከፍ ቢልም ጉልበትዎ ብዙም አይታጠፍም፣ ሲቆሙም እግር ማውረድ አያስፈልግም። ለባለቤትዎ ደግሞ የጀርባ መደገፊያ ያለውን ሊሚትዱን ይዩ። ከመግዛትዎ በፊት ግን እሳቸውንም አስቀምጠው ይሞክሩት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካልተመቸው ጉዞው ለሁለታችሁም አይጥምም።

የካን-አም ሌላው ባለሦስት ጎማ፣ ራይከርስ?

ርካሹና ቀላሉ ነው፣ 600 ወይም 900 ሲሲ። ማርሽ የለውም፣ ነዳጅ መስጠት ብቻ ነው። ለመጫወት አሪፍ ነው፣ ለረጅም ጉዞ ግን አላደርገውም። ለሁለት ሰው ደግሞ ተጨማሪ ዕቃ ገዝቶ ማስገጠም ይጠይቃል።

የሚጋደም ባለሦስት ጎማ የለም እንዴ?

አለ። ያማሃ ናይከን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ 847 ሲሲ ነበር፣ እስከ 45 ዲግሪ ይጋደማል። ጂቲ የሚባለው የቱሪንግ ሞዴሉ ረጅም መስታወት፣ የሚሞቅ እጄታና የጎን ሻንጣ አለው። ሞተር መጋደም የሚወድ ሰው እሱን ይይ። ሲቆም ግን እግር ካላወረድክ ይወድቃል፣ ሦስት ጎማ ነው ብለህ እንዳትታለል።

የኋላ ጎማ ቶሎ ያልቃል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንድ ሰፊ ጎማ ያን ሁሉ ክብደት እየገፋ፣ ስፖርቱ ላይ ደግሞ ነጂው በየመብራቱ እየተፈተለከ፣ እንዴት አያልቅ! ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ መጀመሪያ የጎማውን መሃል ዳስሰው፣ ከጠርዙ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነው። ንፋሱንም በመኪና ልክ አትሙላ፤ ማንዋሉ የሚለው የፊቱን 15 ፒኤስአይ አካባቢ፣ የኋላውን 28 አካባቢ ነው። ጎሚስታው "ይሄማ አንሷል" ብሎ ሊጨምርልህ ከሞከረ አስቁመው።