አዳማ ስለተገኘው ስም የለሽ የስፖርት መኪና ቦዲ፦ ፖርሽ አይደለም፣ ግን እንዳትንቀው

ወንድሜ፣ አዳማ ውስጥ በአንዲት እናት ግቢ ሸራ ለብሶ ስላገኘኸው ባለሁለት በር ቦዲ የጻፍከውን አነበብኩ፤ አራቱንም ፎቶ ደጋግሜ አየሁ። ሞተር የለውም፣ አርማ የለውም፣ መሪው በግራ ነው፤ ደላላው «ፖርሽ 356 ነው» ብሎ ዋጋውን ሰማይ አድርሶታል። «እውነት ነው ወይስ ልበላ ነው?» ብለሃል። እኔ እዚሁ አዳማ በባትላሜራ ሥራ ነው የኖርኩት፤ የማውቀውን ልንገርህ።

መልሱን ላስቀድምልህ። ፖርሽ አይደለም። በቮልስ ወለል ላይ የተጫነ የፋይበር ቦዲ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛውን ፎቶ አጉላውና የኋላውን የቀኝ ፓራፋንጎ ተመልከት። የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ነጫጭ ክሮች ተበጥሰው ወጥተዋል። ላሜራ ሲቀደድ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ይዝጋል እንጂ ክር አያወጣም። ያ በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የመስታወት ክር፣ ማለትም ፋይበር ግላስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1965 የተመረተው 356 ደግሞ በጣም ጥቂት ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ አልሙኒየሞች በቀር ብረት ነው። ማግኔት ይዘህ ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ስቱኮ የወፈረበት ላሜራም ማግኔት አልይዝ ይላል። ስለዚህ ከላይ ነክተህ አትፍረድ። በሩን ክፈትና ስቱኮ የማይደርስበትን የውስጥ ጠርዝ ሞክር።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን አንተው የጻፍከው ልኬት ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ40 አገኘሁ ብለሃል። የ356 ልኬት 2 ሜትር ከ10 ነው። የቮልስ ልክ 2 ሜትር ከ40። ሠላሳ ሳንቲሜትር በሜትር አያያዝ ስህተት የሚመጣ ልዩነት አይደለም። ሌሎቻችሁም አሮጌ መኪና ስታገኙ መጀመሪያ ይህን ለኩ። ፊያት 850 ስፓይደር 2.03፣ ትራይምፍ ስፒትፋየር 2.11፣ ፊያት 124 ስፓይደር 2.28፣ ኤምጂቢ 2.31 ሜትር አካባቢ ነው። የቦዲን ቅርጽ ማንም እንደፈለገ ሊያስመስለው ይችላል፤ ከሥር ያለውን ርቀት ለመቀየር ግን ወለሉን መቁረጥ ይጠይቃል። የሚቆርጡም አሉ፤ አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለገበያ ባወጣው የአሸዋ መኪና የቮልስን ወለል 36 ሳንቲሜትር ያህል አሳጥሯል። ግን የተቆረጠ ወለል በአግድም የሄደ የብየዳ መስመር ይኖረዋል። ያንተ ልኬቱ ሙሉ ስለሆነ አልተቆረጠም።

አራተኛው ፎቶ ጨለማ ቢሆንም በወለሉ መሐል ከፍ ብሎ የሄደው ቱቦ መሰል ጉብታ ይታያል። ሥሩ ገብተህ እይ። ጉብታው ወደ ኋላ ሲደርስ እንደ መንሽ ለሁለት ከተከፈለ፣ ከፊት ደግሞ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች አንዱ ካንዱ በላይ በአግድም ካሉ፣ ቮልስ ነው፤ ክርክር የለውም። የወለሉን ዙሪያም ተከተል። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በብሎን ስለሆነ ፈትተህ ሌላ ቦዲ መጫን ትችላለህ። የ356 ግን ከወለሉ ጋር ተበይዶ አንድ አካል ነው። ብዙ የስፖርት ቦዲ ሠሪዎች ቮልስ ላይ የተረባረቡት ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዴቪን፣ ቤልጅየም ውስጥ አፓል፣ ብራዚል ውስጥ ፑማ በቮልስ የሥር ክፍሎች ላይ የፋይበር ቦዲ ጭነዋል።

ያንተ የማን ሥራ እንደሆነ ከፎቶ ብቻ አልወስንም። ሆኖም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ፋይበር ከቅርጽ ማውጫ ነው የሚወጣው፤ ቅርጽ ማውጫ ደግሞ ለአንድ መኪና ብቻ ተብሎ አይለፋበትም። ስለዚህ የሆነ አገር ወንድሞች ሊኖሩት ይችላሉ። በእጅ የተቀጠቀጠ ላሜራ ቢሆን ኖሮ ከባድ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና እጄ ገብቶ ነበር፤ ግራና ቀኝ ፓራፋንጎውን በገመድ ስለካው በሁለት ጣት ያህል ተለያየብኝ፤ ከውስጥ የመዶሻው ምት በግልጽ ይታያል፣ መጋጠሚያው በናስ ተበይዷል። የፋብሪካ ሥራ ቢሆን እኩል እኩል የተራራቀ የነጥብ ብየዳ ይኖረው ነበር። ባለሙያው ማን ይሁን ማን እጁን ይባርከው፤ የዚያን መኪና አምሳያ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን መስታወቱንና መብራቱን መርምር። ትንንሽ ቦዲ ሠሪዎች የታጠፈ መስታወት ራሳቸው ስለማይሠሩ ከታወቀ መኪና ነበር የሚወስዱት። የፊት መስታወቱን ጥግ በውሃ አጽዳና ጽሑፉን አንብብ፤ ሴኩሪት ወደ ጀርመን ወይም ወደ ፈረንሳይ፣ ትሪፕሌክስ ወደ እንግሊዝ ይመራሃል። መብራቱ ላይ ሉካስ ካለ እንግሊዝ፣ ሄላ ወይም ቦሽ ካለ ጀርመን፣ ካሬሎ ካለ ጣሊያን፣ ሲቢዬ ወይም ማርሻል ካለ ፈረንሳይ ነው። በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደል ከቁጥር ጋር ካለ ደግሞ መብራቱ የጸደቀበትን አገር ይነግርሃል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ሆላንድ፣ 11 እንግሊዝ። መብራት በየጊዜው ስለሚቀየር በአንዱ ብቻ አትደምድም። ሁለት ሦስት ምልክት ወደ አንድ አገር ሲጠቁም ያኔ ልብህ ይረፍ።

እንዴት አዳማ ደረሰ ላልከው፣ የግቢው ባለቤት ሟች ባላቸው ወንጂ ይሠሩ ነበር ማለትህን ልብ ብያለሁ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ ሥራ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ደግሞ በጣሊያን የጦር ካሳ ሲሠራ በዚህ አካባቢ ብዙ የውጭ ዜጋ ነበር። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ ሆላንዶቹ ሄዱ። መኪናው ከእነሱ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን እናታችን ዘንድ ነው። ደላላውን ትተህ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሄደህ በአክብሮት ጠይቃቸው። የድሮ የቤተሰብ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ሊብሬ ካላቸው ከእኔ አስር መስመር ይበልጣል።

ሊብሬው ከተገኘ የሻንሲ ቁጥሩን አስተያይ። ቮልስ ላይ ቁጥሩ የኋላው መቀመጫ በሚያርፍበት፣ ጉብታው ላይ ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጨርቅና በናፍጣ ቀስ ብለህ አጽዳው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ 117 ብሎ ከጀመረ እ.ኤ.አ. የ1967 ነው። የቸርኬውንም ብሎን ቁጠር፤ 5 ከሆነ የቀድሞው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ 4 ተቀይሯል። ይህ ሁሉ የወለሉን ዕድሜ ነው የሚነግርህ፤ ቦዲው ከዚያ በኋላ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

አደራ የምልህ፣ እስክትለየው ድረስ አታስቀባው፣ አታስፍቀው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ትርፍ ቀዳዳዎች በስቱኮ አታስደፍን። የአርማው ሁለት ቀዳዳ ርቀት እንኳ አንዳንዴ የሠሪውን ስም ያወጣል። ዋጋውንም በ356 ስሌት ሳይሆን በቮልስ ወለልና በአንድ ፋይበር ቦዲ ስሌት ተነጋገር፤ እናታችንም በደላላ ወሬ ተስፋ እንዳያደርጉ እውነቱን ንገራቸው። ቁጥሩንና የመስታወቱን ጽሑፍ ስታገኝ ፎቶውን እዚሁ ለጥፍልን።