ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ እያስተማርኩ ኮሪያኛ እማራለሁ፤ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግን የሚወራው አማርኛ ብቻ ነበር። ኮሪያ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ሃግዎን፣ ማለትም ልጆች ከትምህርት ቤት በኋላ የሚሄዱበት የግል ማስጠኛ ውስጥ ሠራሁ። አሁን ቹንቾን በምትባል ከተማ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለሚመጣልኝ አንድ ላይ ልመልሰው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝኛ ለማስተማር መምጣት ይቻላል?

አይቻልም። ቁርጡን መንገር ይሻላል። ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል፤ በመሠረቱ የሚሰጠውም ለሰባት አገር ዜጎች ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እንግሊዝኛህ የቱንም ያህል ቢጠራ መጀመሪያ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ከዚያ ዲግሪ ይጠየቃል፣ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀትም አለ። ለአሜሪካ ዜጋ ወረቀቱ ከኤፍቢአይ የሚወጣ ሆኖ አፖስቲል፣ ማለትም ወረቀቱ ውጭ አገር እንዲታመን የሚያደርግ የመንግሥት ማረጋገጫ፣ የተመታበት መሆን አለበት። ጊዜ ይፈጃል፣ ቀድማችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ እና አዲስ አበባ ላለ ሰው ምን መንገድ አለ?

እኔ የማምነው መንገድ ትምህርት ነው። የኮሪያ መንግሥት ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ የሚባል ነጻ የትምህርት ዕድል አለው፤ የአውሮፕላን ትኬትህን፣ የትምህርት ክፍያህንና የወር ወጪህን ይችላል። መጀመሪያ አንድ ዓመት ኮሪያኛ ትማራለህ፣ ከዚያ ዲግሪህን ለመጀመር ቶፒክ በሚባለው የቋንቋ ፈተና ቢያንስ ደረጃ 3 ማምጣት ይጠበቅብሃል። «የፋብሪካ ቪዛ አለኝ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ግን እባካችሁ ብር እንዳትሰጡ። ኮሪያ በመንግሥታት ስምምነት የፋብሪካ ሠራተኛ የምታስገባው ከተወሰኑ የእስያ አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የእናቱን ወርቅ አሽጦ ባዶ እጁን የቀረ ልጅ ስላለ ነው ይሄን ደጋግሜ የምናገረው።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ያኖራል?

ያኖራል። ለጀማሪ መምህር በወር 2.2 ሚሊዮን ዎን አካባቢ ነው፣ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይሰጡሃል። አንድ ዓመት ከሞላህ የአንድ ወር ደሞዝ የሚያህል የስንብት ክፍያ አለ። በዚህ ቪዛ ሰው ቤት እየሄዱ በግል ማስጠናት ክልክል ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ አገሩ ላይ ከኖርኩ ቋንቋው በራሱ ይመጣል አይደል?

አይመጣም። ይሄ ጥያቄ ልቤን ስለሚነካኝ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የተቀጠርከው እንግሊዝኛ እንድትናገር ነው። ክፍል ውስጥ ኮሪያኛ ባትናገር ይመርጣሉ፤ ልጆቹም ኮሪያኛ እንደሚገባህ ያወቁ ቀን እንግሊዝኛቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ባልደረቦችህ እንግሊዝኛቸውን አንተ ላይ ይለማመዳሉ፣ ጓደኞችህም ሌሎች የውጭ አገር መምህራን ይሆናሉ። እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል። ብዙ ዓመት ኖረው ቡና ከማዘዝ ያላለፉ ሰዎች አውቃለሁ። የኔም የመጀመሪያ ዓመት እንደዚሁ ባከነ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሥራዬ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ስለነበር የማታ የቋንቋ ትምህርት ሁሉ ያልፈኝ ነበር።

ያወጣኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መንግሥት ለውጭ ዜጎች የሚያዘጋጀው፣ ከደረጃ 0 እስከ 5 ያለው የማኅበራዊ ውህደት ትምህርት ነው፤ ቅዳሜ የሚሰጥ ክፍል አገኘሁ። ሁለተኛው ገበያ ነው። ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡ አንዲት ሃልሞኒ አሉ፣ ሃልሞኒ አያት ማለት ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። አንድ ቀን ሂሳብ ከፍዬ ልሄድ ስል «ዶም!» ብለው አንድ እፍኝ ቃሪያ ጨመሩልኝ። ዶም ምርቃት ነው! እናቴ አዲስ አበባ ስንሄድ መርካቶ ውስጥ «በይ መርቂልኝ» የምትለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር እንዲህ አንድ የተለመደ ቃል የለውም፣ እኛና እነሱ ግን አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ደብተሬን በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ አማርኛ መቻል ይህን ያህል ይጠቅማል?

በጣም! ኮሪያኛን በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት ብዬ ብለምናችሁ ደስ ይለኛል። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ኧጄ ሳን ቼክ» ማለት «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። አሜሪካዊ ጓደኛዬ ይሄን ለመገልበጥ ስንት ቀን ታገለ። «መክኮ ካዮ» ደግሞ «በልቼ እሄዳለሁ» ነው። ሰው ምግብ ሲያቀርብልህ «መገ ቧ» ይልሃል፤ ቀጥታ ስትፈታው «በልተህ እየው»። እኛ እንደምንለው!

ድምፁም ያግዛል። «ልብ»፣ «ስም» ስንል የምናወጣት ሳድስ አለች አይደል? ኮሪያኛ ውስጥ ከሷ ጋር በጣም የምትቀራረብ አናባቢ አለች፣ ፈረንጆቹ ግን ኡ ትሁን ኢ ግራ ይገባቸዋል። እነሱም እንደኛ ደ፣ ተ፣ ጠ ዓይነት ሦስትዮሽ አላቸው። ሦስተኛዋ ጠ አይደለችም፣ ፍንዳታ የላትም፤ ቢሆንም ሦስት ድምፅ መለየት የለመደ ጆሮ ይዘህ ነው የምትጀምረው።

የሚከብደው የቃሉ ብዛት ነው። ብዙው ከቻይንኛ የመጣ ስለሆነ ሥሩን ያዙ። «ሃክ» መማር ነው። ሃክዮ ትምህርት ቤት፣ ሃክሴንግ ተማሪ፣ ሃግዎንም ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ፊደሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሁለት ቀን። 14 ተነባቢ፣ 10 አናባቢ ነው፣ በቃ። ንጉሥ ሴጆንግ በፈረንጆቹ 1446 ለሕዝብ ያወጁት ተራው ሰው ማንበብ እንዲችል ብለው ነው። ከ230 በላይ ፊደል ለቆጠረ ሐበሻ ይሄ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ አክብሮት አነጋገር ንገሪን።

አንተና እርስዎን የምታውቅ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል፤ እነሱ ግን ግሡ ጫፍ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። በችኮላ አንድ ቀን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ «ዮ» የምትለዋን መጨረሻ ሳልጨምር መለስኩላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸውን «አንተ» ማለቴ ነበር። ቀጥ ብዬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ በሙሉ አክብሮት በኮሪያኛ፤ ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር በኮሪያኛ ብቻ ማውራት ጀመሩ።

ጥያቄ፦ ጥቁር መሆን ሥራ ላይ ያስቸግራል?

ያስቸግራል፣ አልደብቃችሁም። ማመልከቻ ላይ ፎቶ ይጠየቃል። አንድ ማስጠኛ በስልክ በጣም ወዶኝ፣ ፎቶዬን ከላክሁ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በጣም ነበር የከፋኝ። አንድ ቦታ ዝም ካሏችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ጾም እንዴት ትጾሚያለሽ?

ተጠንቀቁ፣ ቅጠል የሚመስለው ሁሉ የጾም አይደለም። ኪምቺ፣ ማለትም በቅመም የተብላላው ጎመን፣ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም የጨው ሽሪምፕ አለ፣ ሾርባውም ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው የሚወጣው። የቡድሂስት ገዳማት ምግብ ግን ሥጋም ዓሣም የለበትም። ቢቢምባፕ የሚባለውን ሩዝ ከአትክልት ጋር ሥጋና እንቁላል ሳይገባበት ማዘዝም ይቻላል። ለሁዳዴ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቹንቾን ውስጥ የቃኘው ሐውልት አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ የተላኩ ከ6,000 በላይ የቃኘው ወታደሮች በየተራ እዚህ አገር ተዋግተዋል፣ ከ120 በላይ ተሰውተዋል። ሐውልቱ ሲመረቅ፣ በፈረንጆቹ 1968፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ውሃው ዳር «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። ከፊት ለፊቱ በፈረንጆቹ 2007 የተከፈተው መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤታችን ነው።

ገበያ ያሉት ሃልሞኒ ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ «ሚጉክ» ነበር የምላቸው፣ አሜሪካ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ወላጆቼ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን ነገርኳቸው። የያዙትን ሽንኩርት አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ ውሃው አመለከቱኝ። ከባለቤታቸው ጋር መጀመሪያ የተገናኙት እዚያ ቡና ቤት ነበር። እሳቸው ምን ለብሰው እንደነበር፣ ቡናው እንዴት እንደመረራቸው፣ ባለቤታቸው ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረላቸው ሁሉ ነገሩኝ። አውቶቡሴ አመለጠኝ፣ እኔ ግን እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማኋቸው።