ቱሊፕ በሁለተኛው ዓመት ለምን ቅጠል ብቻ ያወጣል?

«ሜሪላንድ ግቢዬ የተከልኩት ቱሊፕ አምና ደምቆ አበበ፣ ዘንድሮ ግን ቅጠል ብቻ አወጣ፤ ሽኮኮም ይቆፍርብኛል» ላሉት፦

ኮረቱ፣ ማለትም አበባው የሚበቅልበት ከአፈር በታች ያለው ሽንኩርት መሳይ ክፍል፣ አልሞተም፣ ተዳክሟል። ቱሊፕ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ብርቱ ብርድና ከዚያ በኋላ ደረቅ ሙቀት ይፈልጋል። የሜሪላንድ የሙቀት ወራት ግን ዝናብ አያጡም፣ አፈሩም በብዙ ቦታ ውሃ የሚቋጥር ሸክላማ ነው።

ለመሆኑ አበባው እንደረገፈ ቅጠሉን ቆረጡት? ብዙ ሰው ግቢው እንዳይዝረከረክ ብሎ ያጭደዋል። ኮረቱ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቁን የሚያከማቸው ግን በዚያ ቅጠል ነው። የአበባውን ራስ ብቻ ይቅጠፉ፤ ቅጠሉ በራሱ ቢጫ እስኪሆን 6 ሳምንት ያህል ይታገሡት። ለዓይን አያምርም፣ ግን ምን ይደረግ።

አዲስ ሲተክሉ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው ይቅበሩ። በሙቀት ወራት ከሚያጠጡት የጎመንና የቃሪያ መደብ ያርቁት፤ እዚያ ይበሰብሳል። «ዳርዊን ሃይብሪድ» የሚባለው ዝርያ ከብዙዎቹ ይልቅ በየዓመቱ ተመልሶ ያብባል።

ለሽኮኮው፣ ከኮረቱ በላይ ለዶሮ ማጠሪያ የሚሆን ወንፊት ሽቦ አንጥፈው አፈር ያልብሱት። አጋዘንም የሚመጣብዎ ከሆነ ግን ትግሉን ትተው ዳፎዲል የሚባለውን ሌላ ባለ ኮረት አበባ ይትከሉ። መርዛማ ስለሆነ እንስሳቱ ይሸሹታል፤ ከዓመት ዓመትም እየተባዛ ይሄዳል። ብቻ ኮረቱ ሽንኩርት ስለሚመስል፣ እስኪተክሉት ድረስ ማድ ቤት አያስቀምጡት።