ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ጄኔሬተሩ ለምን ይታነቃል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ በባቲ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ባለ 5 ኪሎ ዋት የቤንዚን ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰሬን ስሰካበት ግን እም ብሎ ያጉረመርማል፤ ጄኔሬተሩም ታንቆ ይጠፋል። በጄኔሬተሩ ሞተር ላይ ፑሌጃ (ቺንጊያ የሚጠመጠምበት መዘውር) ጨምሬ ኮምፕረሰሩን በቺንጊያ ባዞረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፑሌጃውን ተወው። የእንዲህ ዓይነት ጄኔሬተር ዳይናሞ በቀጥታ የሞተሩ ዘንግ ላይ የታሰረ ነው፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ የማስነሻው ገመድ አለ። ፑሌጃ የሚገባበት ትርፍ ዘንግ የለም። በግድ ብታስገባ እንኳ ቺንጊያው ወደ ጎን ሲስብ ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ከዚያ ዳይናሞው ይፋተጋል።

ችግርህ ያለው መነሻው ላይ ነው። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከተነሳ በኋላ 14 አምፒር ገደማ ይበቃዋል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት አምስት ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 75 አምፒር ገደማ ይጠይቃል። ጄኔሬተርህ በ220 ቮልት የሚሰጠው 23 አምፒር ነው፤ ያውም ባሕር ጠለል ላይ። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 3 በመቶ ተኩል ያህል ያጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አንድ አምስተኛው ሄደ፣ ቀረህ 18 አምፒር። ደሴ ላይ ቢሆን ኖሮ ከሩብ በላይ ታጣ ነበር።

መጀመሪያ ይህን ሞክር፦ የታንኩን የታች መክፈቻ ክፈትና አየሩን ጨርሰህ አውጣ፤ ክፍት እንዳለ ኮምፕረሰሩን አስነሳ። ባዶውን ከተነሳና 5 ባር ላይ ቆሞ ድጋሚ አልነሳ ካለ፣ ጥፋቱ የጄኔሬተሩ አይደለም። አውቶማቲኩ፣ ማለትም ታንኩ ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሲያጠፋ ከጎኑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ "ጽሽሽ" ማለት አለበት፤ የታመቀውን አየር ከፓምፑ ራስ ላይ እያወረደ ነው። ድምፁ ከሌለ የማውረጃዋ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች፣ ፒስተኑም ግፊት ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ጽሽታው ካላቆመ ደግሞ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ቆሽሿል፤ ታንኩን ባዶ አድርገህ ፍታና አጽዳው።

ባዶውንም እምቢ ካለ ሽቦህን እይ። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ማራዘሚያ 25 ሜትር ከሆነ፣ በ75 አምፒር መነሻ ላይ 44 ቮልት መንገድ ላይ ይበላል። በ4 ካሬ ቀይረው፣ ርዝመቱንም 10 ሜትር አድርግ፤ ወደ 7 ቮልት ይወርዳል። ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘውን የመነሻ ካፓሲተርም አስለካ፣ ከደከመ በዚያው መጠን ቀይር። እያጉረመረመ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትያዘው፤ የመነሻው ጥቅል ሽቦ የሚቃጠለው እዚያው ላይ ነው።

ሌላው ርካሽ መላ የኮምፕረሰሩን የኤሌክትሪክ ሞተር ፑሌጃ ማሳነስ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረውን 8 ብታደርገው ሸክሙ በአንድ አምስተኛ ይቀላል፣ አየሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚያ በታች አትውረድ፤ ፓምፑ በጣም ሲዘገይ ዘይቱን በደንብ አይረጭም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ትልቅ ጄኔሬተር ከመግዛት ለፓምፑ የራሱን የቤንዚን ሞተር ስጠው እላለሁ። 6.5 ፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ 5 ያህል ይቀረዋል፣ ለፓምፕህ በቂ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000፣ ፓምፑ 1,000 ዙር እንዲዞሩ የሞተሩ ፑሌጃ 10፣ የፓምፑ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የፓምፑ ፑሌጃ ላይ ያለችውን ቀስት ተከተል፤ ማራገቢያው ነፋሱን ወደ ፓምፑ ራስ መንፋት አለበት። ሞተሩ ስለማይጠፋ በኤሌክትሪክ አውቶማቲኩ ፋንታ ታንኩ ሲሞላ ፓምፑን ባዶ የሚያስዞር ቫልቭ ያስፈልግሃል። የደህንነት ቫልቩን ግን እንዳትነካው። የሞተሩን ጭስ ከቤቱ ውጭ አውጣው፣ የፓምፑ አየር መሳቢያም ከጭሱ ራቅ ይበል።